ጥንቸሏን ማን እንቁላል አደረጋት?

ትርጉም የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ትእዛዝ ይደርሰዋል፦ «ተፈጥሯዊ ይሁን!» መምህሩ ይለዋል፣ አርታኢው ይለዋል፣ ከፋዩም ይለዋል። አንባቢው የሚያነበው ትርጉም መሆኑን እንዲረሳ አድርገው ይሉታል። የባዕድ አገር ምሳሌያዊ አነጋገር ካጋጠመህ በአንባቢው ቋንቋ ያለውን «አቻ» ፈልገህ ተካው፤ ካጣህ ሐሳቡን ብቻ ጽፈህ እለፍ። ትእዛዙ ሲሰሙት ጨዋ ነው፣ ለአንባቢ ያሰበ ይመስላል። እኔ ግን ጨዋነቱን አልቀበልም። ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን መንገደኛ ሻንጣ እየበረበረ፣ ከሌላኛው የሚመጣውን «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ የሚያሳልፍ ኬላ ነው።

ተርጓሚ አይደለሁም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር የምሠራ፣ ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቱላ የምኖር ሰው ነኝ። ታዲያ ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ እዚህ ስለምኖር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን እ.ኤ.አ. በ2016 ሠርቶ ያስረከበው የቻይና ተቋራጭ ነው፤ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ያለው የባቡር ሐዲድም፣ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽም የቻይናዎች እጅ አለበት። ስለዚህ በእኛ ሰፈር አንድ ዓረፍተ ነገር በቻይንኛ ተወልዶ፣ በእንግሊዝኛ አልፎ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ በመጨረሻ ለሠራተኛዋ በሲዳሙ አፎ ሊነገራት ይችላል። አራት ቋንቋ፣ ሦስት ኬላ። በየኬላው ምን እንደሚወረስ ማንም አይቆጥርም። እኔ ልቁጠር።

ጥንቸልና እንቁላል

ቻይናዎች ቼንግዩ የሚሏቸው አባባሎች አሏቸው። አብዛኞቹ አራት ፊደል ብቻ ናቸው፤ አራት ቀለም ተናግረህ ዝም ትላለህ፣ ከኋላው ግን ሙሉ ታሪክ አለ። ከእነሱ አንዱ «ጂያዎ ቱ ሳን ኩ» ይባላል፦ «ብልጥ ጥንቸል ሦስት ጉድጓድ»። የመጣው የተፋላሚ መንግሥታትን ዘመን ወሬ ከሚያወራ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ፌንግ ሹዋን የሚባል አማካሪ ለጌታው ለሜንግቻንግ መስፍን ነገሩን ያስረዳዋል፦ ጥንቸል ከሞት የምታመልጠው ሦስት ጉድጓድ ስላላት ነው፤ እርስዎ ግን ያለዎት አንድ ነው፣ ገና ተረጋግተው የሚተኙበት ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ልጨምርልዎ ይለዋል። ይጨምርለታልም።

ይህን «ተፈጥሯዊ እንግሊዝኛ» አድርግ የተባለ ሰው እጁ ቶሎ የሚገባለት የታወቀው የእንቁላል አባባል ነው፦ እንቁላልህን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አታስቀምጥ። ለጆሮ ለስላሳ ነው፤ ፈረንጁ ምንም አይጎረብጠውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ለማልጠቅሰው አንድ ድርጅት የመጋዘን ሶፍትዌር ስንሠራ ይኸው እንቁላል እኛ ዘንድ መጣ። የቻይናዊው ኃላፊ የፍላጎት ሰነድ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲደርሰን፣ ስለ መረጃ አያያዝ የሚያወራው አንቀጽ መሐል እንቁላሉና ቅርጫቱ ተቀምጠዋል። ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «መረጃውን ከፍለን በሁለት ሰርቨር እናስቀምጥ ማለቱ ነው» አለ። ግማሹ «አይ፣ ሙሉ ቅጂ ተጠባባቂ ሰርቨር ላይ ይኑር ማለቱ ነው» አለ። ሥራውን ለማታውቁ፦ በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት በዋጋም በአሠራርም የሰማይና የምድር ያህል ነው። ክርክሩ ሲረዝም አስተርጓሚውን፣ በእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፣ «ሰውየው በራሱ ቋንቋ ምን ነበር ያለው?» ብለን ጠየቅነው።

«ጥንቸል ነው ያለው» አለን።

«ታዲያ ለምን እንቁላል አደረግካት?»

«ጥንቸሏ እንግሊዝኛ አይደለችማ! ተማሪ ሆኜ እንደዚያ ብጽፍ ኖሮ ነጥብ ይቀነስብኝ ነበር።»

ልጁን ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ የተማረውን ነው የሠራው። ነገሩን ግን ተመልከቱት። አሥር እንቁላል በሁለት ቅርጫት ከፍለህ አንዱ ቢወድቅብህ አምስቱ ተሰበረ። አባባሉ የሚያስተምርህ ኪሳራን መቀነስ ነው። ጥንቸሏ ግን ለሦስት አትቆራረጥም! አንዱ ጉድጓድ ቢደፈን ሙሉ ጥንቸል፣ ከነጆሮዋ፣ በሌላው ትወጣለች። ይኼ መከፋፈል ሳይሆን ተጠባባቂ መያዝ ነው። ሁለቱ አባባሎች «አቻ» አይደሉም፤ ጥንቃቄ የሚል ልብስ የለበሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ደሜን የሚያፈላው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። አማርኛ ጥንቸሏን የሚያውቃት በሌላ ስም ነው፦ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል።» እዚህም አትከፋፈልም። አንዱ ባላ ቢነቀል ሙሉ ሰውነትህ በሌላው ላይ ይንጠለጠላል። የቻይናው አማካሪና የእኛ አያቶች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ተናግረው ነበር። በመሐላቸው የቆመው «ተፈጥሯዊ» እንግሊዝኛ ነው ሁለቱን ያላገናኛቸው። ይባስ ብሎ ዛሬ የእኛው የቢዝነስ አሠልጣኝ መድረክ ላይ ወጥቶ «እንቁላላችሁን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አታስቀምጡ» ይላል። ባላውን የተከለው አያቱ ሆኖ ሳለ!

በእኛ ሙያ ለዚህ ምሳሌ አለው። አንድን ፎቶ በጄፔግ ደጋግመህ ብታስቀምጠው በየዙሩ ትንሽ ዝርዝር ይጠፋል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ለዓይን ግን ሁሌም «ደህና» ይመስላል። በመሐል ቋንቋ በኩል የሚያልፍ ትርጉም እንደዚሁ ነው። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ነገር ግን የቻይንኛና የአማርኛ ጽሑፍ ጎን ለጎን በብዛት ስለማይገኝ የማሽን ትርጉም ሠሪዎች መሐሉን በእንግሊዝኛ መሙላት የለመዱት መንገድ ነው። ሰው የሚሠራውን ስህተት ማሽኑ በፍጥነት ይሠራዋል ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ቻይናዎች ሰውን ማክበርን «ፊት መስጠት» ይሉታል፤ አለማክበርን «ፊት አለመስጠት»። እኛም «ፊት ሰጠኝ»፣ «ፊት ነሳኝ» እንላለን። ትርጉሙ ልክ በልክ አይገጥምም፤ የእኛው «ፊት መስጠት» ትንሽ ማቅበጥም አለበት። ግን «ፊት ነሳኝ» የሚል ሠራተኛና «ፊት አልሰጠኝም» የሚል አለቃ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይግባባሉ። በመሐል የገባው አስተርጓሚ «አክብሮት አላሳየም» ሲል ግን ነገሩ የሰው ኃይል አስተዳደር ቅጽ ይሆናል።

«ተፈጥሯዊ» ማለት የለመድነው ማለት ነው

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ። ለመሆኑ የትኛው አባባል ነው ሲወለድ ተፈጥሯዊ የነበረው?

ማኦ ዜዱንግ እ.ኤ.አ. በ1946 ለአሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ለአና ሉዊዝ ስትሮንግ «ወረቀት ነብር» የሚለውን ሲነግራት እንግሊዝኛ ለአባባሉ የተዘጋጀ ወንበር አልነበረውም። ቃል በቃል ተተረጎመ። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከቻይና መምጣቱን ሳያስብ ይጠቀምበታል። ወደ እኛም በግራ ዘመሙ ፖለቲካ ጀርባ ታዝሎ መጣ፤ «የወረቀት ነብር» ስንል ማንም ግራ አይጋባም። «የአእምሮ እጥበት» የምንለውስ? ኤድዋርድ ሃንተር የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1950 ከቻይንኛው «ሺ ናዎ»፣ ማለትም «አንጎል ማጠብ»፣ ቃል በቃል ወስዶ በእንግሊዝኛ ያስለመደው ነው። እንግሊዝኛው «ፊት ማጣት» የሚለውም ምንጩ ቻይንኛ ነው። የዚያን ጊዜ ተርጓሚዎች «ተፈጥሯዊ ይሁን» ቢባሉና ቢታዘዙ ኖሮ እንግሊዝኛ ዛሬ እነዚህ ቃላት አይኖሩትም ነበር። እኛም አይኖሩንም።

ከዚህም ርቃችሁ ሂዱ። «አንገተ ደንዳና» ስትሉ ምን ያህል አማርኛ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ? ከዕብራይስጡ ኦሪት የመጣ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች «እምቢተኛ» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ አንገቱን ግን ተዉት። ዛሬ አያቴ ልጅ ስትገሥጽ የምትጠቀምበት ቃል ነው። ከእሱ የበለጠ አማርኛ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ «ተፈጥሯዊ» ማለት የቋንቋ ባሕርይ አይደለም፤ የልማድ ስም ነው። ትናንት ባዕድ የነበረው ዛሬ የቤት ልጅ ነው። ተርጓሚውን «ከለመድነው ውጪ አታምጣ» ማለት ቋንቋውን «ከዛሬ ጀምሮ አትደግ» ማለት ነው።

የሐሰት ቻይናዎች

ልስላሴን መለኪያ ስታደርግ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፎርጂዱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በእንግሊዝኛ ከተፈለፈለ የሐሰት አባባል የበለጠ ለእንግሊዝኛ ጆሮ የሚለሰልስ «የቻይና አባባል» ሊኖር አይችልም።

«ለሰው ዓሣ ብትሰጠው አንድ ቀን ይበላል፤ ማጥመድ ብታስተምረው ዕድሜ ልኩን ይበላል።» ስንት የፕሮጀክት ሰነድ «ቻይናዎች እንደሚሉት» ብሎ በዚህ ይከፈታል! ለዚህ አባባል ቅርብ ሆኖ የሚታወቀው ቀደምት ጽሑፍ እንግሊዛዊቷ አን ታክሬይ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ያስቃል፤ እስቲ አሞራ ገደል ሂዱና ዓሣ አጥማጆቹን ማጥመድ አስተምሯቸው!

«አንድ ሥዕል ከሺህ ቃል ይበልጣል» የሚለውንም የቻይና ያስመሰለው ፍሬድ ባርናርድ የተባለ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣው ማስታወቂያ ላይ የቻይና ምሳሌ ነው ብሎ፣ የቻይና ፊደል አስጽፎ ለጠፈበት። «በቻይንኛ ቀውስ የሚለው ቃል አደጋና ዕድል ከሚሉ ሁለት ፊደሎች የተሠራ ነው» የሚለውን ደግሞ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ሳይቀር በንግግሮቹ ተጠቅሞበታል። የእኛ አነቃቂ ተናጋሪዎችማ ያለሱ ስብከት የላቸውም። ነገር ግን «ዌይጂ» ውስጥ ያለው «ጂ» ብቻውን ዕድል ማለት አይደለም፤ ነገር የሚወሰንበት ወሳኝ ቅጽበት ወደሚለው ነው የሚጠጋው። ቤቱ እየተቃጠለ ያለን ሰው «ዕድል መጣልህ» ብሎ የሚያጽናና ቋንቋ የለም።

እውነተኛዋ ጥንቸል በኬላው ተይዛ ስትቀር የሐሰቱ ዓሣ በነፃ ያልፋል። መለኪያው ይህን ካፈራ ችግሩ መለኪያው ላይ ነው።

ለእነሱ ክፍት፣ ለእኛ ዝግ

«እሺ፣ ግን አንባቢን ማክበር አለብን» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ታዲያ እስቲ የራሳችንን አማርኛ እንመልከተው። «ስሜት ይሰጣል» እንላለን። «በቀኑ መጨረሻ» እንላለን፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት። «ጨዋታ ቀያሪ»፣ «ከሳጥኑ ውጪ ማሰብ» እንላለን። የትኛው ሳጥን? ማን ነው ሳጥን ውስጥ የከተተን? እነዚህ ሁሉ የእንግሊዝኛ አባባሎች ቃል በቃል ገብተው ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ ማንም «ተፈጥሯዊ አይደለም» ብሎ አልመለሳቸውም። እንግሊዝኛ ወደ እኛ ሲመጣ ቃል በቃል ይገባል። እኛ ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ ግን መጀመሪያ ልብስ ቀይሩ እንባላለን። የቻይናውም ዕጣ እንደዚሁ ነው። ይኼ የውበት ሕግ አይደለም፤ ማን ለማን ቤቱን ያሰናዳ የሚል የጉልበት ጉዳይ ነው።

ሎውረንስ ቬኑቲ የተባለው የትርጉም ምሁር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ተናግሯል፦ በእንግሊዝኛው ዓለም የሚወደሰው ለስላሳ ትርጉም ተርጓሚውንም የመጣበትን ባህልም እንዳይታዩ ያደርጋል። ቻይናዎች ራሳቸው ደግሞ በዚህ ነገር ከእኛ በፊት ተጨቃጭቀዋል። ያን ፉ እ.ኤ.አ. በ1898 ለትርጉም ሦስት መመዘኛ አወጣ፦ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ውበት። ሉ ሹን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተነሥቶ ልስላሴው ቀርቶ ታማኝነቱ ይቅደም የሚል አቋም ያዘ፤ ባዕድ አገላለጽ ቋንቋችንን ይጨምርለታል እንጂ አይገድለውም አለ። ሁሉም አልተቀበሉትም። ክርክሩ ግን ነበር። እኛ ጋ ክርክሩ ራሱ የለም፤ ትእዛዙ ብቻ ነው ያለው።

በሩ ቢከፈት ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በእንግሊዝኛ ዓለምን የዞረው ድሩንና አንበሳውን እንደያዘ ነው። «ያብር» እና «ያስር» የሚገጥሙበት ቤት ቀርቷል፣ ያሳዝናል። ምስሉ ግን ሙሉ ነው። የሆነ ለስላሳ ተርጓሚ «ኅብረት ኃይል ነው» ብሎ ቢያሳልፈው ኖሮ ዛሬ ማንም «የኢትዮጵያ አባባል» ብሎ አይጠቅሰውም ነበር።

ታዲያ ሁሉንም ቃል በቃል?

አይደለም። ይኼን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ሁሉንም ቃል በቃል የሚገለብጥ ሰው ካለ አልተግባባንም። የእኔ ሐሳብ ሦስት ጥያቄ ነው።

አንደኛ፦ ምስሉ ሥራ አለው ወይ? «እባብ ስሎ እግር መጨመር» የሚል ቼንግዩ አለ። ሰዎች ቀድሞ እባብ የሳለ ወይኑን ይጠጣ ብለው ተወዳደሩ፤ አንዱ ቀድሞ ጨረሰና ጊዜ ስለተረፈው እግር ጨመረለት፤ ሌላው እባብ እግር የለውም ብሎ ዋንጫውን ነጥቆ ጠጣበት። እንግሊዝኛው አቻ ነው ተብሎ የሚቀርበው አበባን በወርቅ መለበጥ የሚል ነው። አበባ ወርቅ ቢቀባ ያው ያጌጠ አበባ ነው፤ እባብ እግር ካወጣ ግን እባብነቱ ቀረ። አንዱ ብክነት ነው፣ ሌላው ጥፋት። እዚህ ምስሉ ሥራ አለውና አይነካ።

ሁለተኛ፦ ዓረፍተ ነገሩ ይሸከመዋል ወይ? «ሪፖርቱ አልቆ ነበር፤ አምስት ገጽ ጨምረው ለእባቡ እግር ሳሉለት።» ይኼን ያልገባው አማርኛ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። የግርጌ ማስታወሻ አላስፈለገም። አንባቢን ማክበር ማለት አስቀድሞ እንደማይገባው መገመት አይደለም።

ሦስተኛ፦ በዚህ ቃል ምክንያት ሰው ሊጎዳ ይችላል ወይ? ውል፣ የሐኪም ትእዛዝ፣ የማሽን ደኅንነት መመሪያ ከሆነ ጥንቸልም እንቁላልም ባላም ይውጡ። «ሙሉ ቅጂ በሌላ ሰርቨር ይቀመጥ» ብለህ ጻፍ። ጊዜ ያጣ የቃል አስተርጓሚም እንዲሁ ያድርግ። ደረቅ እውነት ለስላሳ ከሆነ የውሸት አቻ ይሻላል። ልብ በሉ፣ እዚህም የሚያሸንፈው «ተፈጥሯዊው» አይደለም።

ጣታችንን ወደ ራሳችን

እስካሁን ስጽፍ አማርኛ አንባቢዎች ሳታጨበጭቡልኝ አልቀራችሁም። አሁን ግን ጭብጨባውን አቁሙ፤ በዚህ አገር እንግሊዝኛ በአማርኛ ላይ የሚሠራውን አማርኛ በሌሎች ላይ ሲሠራ ኖሯልና።

ከቱላ ተነሥቼ ነው የምናገረው። እዚህ ሽማግሌዎች ሲመክሩ «ሀላሌ» የሚል ቃል አለ። በአማርኛ ስብሰባ ላይ ሲተረጎም «እውነት» ይባላል፣ አለቀ። ሀላሌ ግን ትክክል የሆነ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የሚኖሩበት፣ የሚማሉበት፣ የሚፈሩት ነገር ነው፤ ሽማግሌ ፍርዱን የሚያቆምበት መሬት ነው። «አፊኒ» የሚለውም «ሰማችሁ?» ተብሎ ይተረጎማል፤ ነገሩ ግን ሁሉም ሰምቶ፣ ተመካክሮ፣ ሳይደማመጥ ውሳኔ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ሲዳማ እ.ኤ.አ. በ2020 ክልል ሆኖ ቋንቋው የቢሮ ቋንቋ ሲሆን ብዙ ወረቀት መተርጎም ጀመረ። አብዛኛው ጉዞ ግን ያው የድሮው ነው፦ ከአማርኛ ወደዚያ። አንድ ሽማግሌ በምሳሌ ሲናገሩ አስተርጓሚው «ይኼ እኮ በአማርኛ እንዲህ የሚባለው ነው» ብሎ የአማርኛ ተረት ሲተካላቸው አይቻለሁ። ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም የገባው መሰለው። ሽማግሌው ግን ያሉት ነገር ከክፍሉ ወጥቶ ነበር። አማርኛው ስለለሰለሰ ማንም አላወቀም። ለጥንቸሏ የምሟገት ከሆነ ለእሳቸውም መሟገት አለብኝ፤ አለዚያ ክርክሬ የተረኝነት ክርክር ብቻ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ተርጓሚዎች፦ አቻ ስትተኩ ምስሉ ምን ይሠራ እንደነበር መጀመሪያ ጠይቁ፤ የተካችሁትን ደግሞ ለከፋዩ ንገሩት። መምህራን፦ ጥንቸል ለጻፈ ተማሪ ነጥብ አትቀንሱ፤ ለምን እንደጻፈ ጠይቁት። የሙያ ጓደኞቼ፦ የትርጉም ሥርዓት ስትገነቡ የመጀመሪያው ቋንቋ ጽሑፍ ከመጨረሻው ትርጉም ጎን ይቀመጥ፤ አንድ ዓምድ መጨመር ነው፣ ምንም አይከብድም። በመሐል ቋንቋ ያለፈ ነገር ካለም ማለፉ ይጻፍ። አንባቢዎች፦ ትርጉም ስታነቡ የጎረበጣችሁን ቦታ ሁሉ «ደካማ ትርጉም» ብላችሁ አትጣሉት። ደካማ ትርጉም ሞልቷል፣ አልክድም። አንዳንዱ ጉርብጥታ ግን ሌላ ሰው ቤት ውስጥ መግባታችሁን የሚነግራችሁ የበር መድረክ ነው።